መታወቂያዋ 84 ይላል

የእምዬ መታወቂያ ላይ የትውልድ ቀን በሚለው ቦታ «መስከረም 1 ቀን 1934 ዓ.ም.» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ቀን የሰጣት የቀበሌ ጸሐፊ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት መታወቂያ ልታወጣ ሄዳ «መቼ ተወለዱ?» ሲላት «ጣሊያን የገባ ዓመት» አለችው። ፊቷን አየት አደረገና የመሰለውን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ መታወቂያው ባረጀ ቁጥር ያው ቀን ከአሮጌው ወደ አዲሱ እየተገለበጠ እዚህ ደረሰ።

እሷ ምንም አላለችም። ያ ወረቀት ለእሷ ዘይትና ስኳር መቀበያ፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ማውጫ ነው። ከዕድሜዋ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልታያትም።

እምዬ የእናቴ እናት ናት። ጎረቤቱ ሁሉ «እማማ» እና «እርስዎ» ይላታል። እኛ «አንቺ» ነው የምንላት። እሷ ናት ያስለመደችን።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «የእምዬን ልደት አንድ ቀን እንኳ ሳናከብር ልንቀር ነው?» ብሎ ጻፈ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልመለሰለትም። እውነቱን ነዋ። የሁላችንም ልደት የተከበረው እሷ ቤት ነው። ድፎ ዳቦውን በኮባ ጠቅልላ የደፋችው፣ ፈንዲሻውን ያፈነዳችው፣ «እደጉ» ብላ ግንባራችንን የሳመችው እሷ ናት። የእሷ ግን ተከብሮ አያውቅም።

ወዲያው ሌላ ጥያቄ መጣ። ስንተኛ ዓመቷን ነው የምናከብረው? አንዱ 85 አለ። ትልቋ አክስቴ «88 ሳይሆናት አይቀርም» አለች። ዋሽንግተን ያለው አጎቴ «መታወቂያዋን ፎቶ አንሥታችሁ ላኩልኝ» አለና ሲላክለት «በቃ፣ በመጪው መስከረም 84 ትሆናለች» ብሎ ወሬውን ሊዘጋ ሞከረ። እናቴ ደግሞ «ኧረ ተዉ! እኔ ራሴ 60 ካለፍኩ ስንት ጊዜዬ ነው፤ እምዬማ 90 ገብታለች» አለች።

እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እምዬ ቤት ነኝ። ስለዚህ «እኔ አጣራለሁ» አልኩ። ድግሱን በኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ዓመቷን እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ፤ ለእኔ ትልቁ በዓል እሱ ነበር።

በእምዬ ዘመን ገጠር ለተወለደ ሰው የሚያዝለት ቀኑ ነው። ዓመቱ ይጠፋል። ለእኛ ለዛሬዎቹ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለናል። ግን አስቡት፤ ወሩ በሙሉ በቅዱሳን ስም የተያዘ ነው። ልጅ ሲወለድ «በሚካኤል ተወለደ»፣ «በገብርኤል ተወለደ»፣ «በማርያም ተወለደ» ይባላል። 12፣ 19፣ 21 ማለት ነው። ማንም አይረሳውም። ዓመቱን የሚያስታውሱት ግን በደረሰው ነገር ነው። አንበጣ የወረደበት፣ ንጉሥ የነገሠበት፣ ጦር የመጣበት እየተባለ።

እምዬ በኪዳነ ምሕረት እንደተወለደች ሁላችንም እናውቃለን። ወር በገባ በ16 ቤተ ክርስቲያን ስማ ትመጣለች፤ ዳቦ ቆርሳ ለጎረቤት ልጆች ታድላለች። የትኛው ወር ኪዳነ ምሕረት እንደሆነ ግን አንዳችንም ጠይቀናት አናውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እምዬ በረንዳው ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ትንሽ ትንሽ ከወዲያ ትስብና በሌባ ጣቷ ትዘረጋዋለች። የተለቀመውን ወደ ደረቷ ትሰበስባለች። ዓይኗ ደክሟል፤ አሁን ጠጠር የምትለየው በጣቷ ነው። አጠራጣሪ ፍሬ ስታገኝ ቆም ትላለች። ሁለቴ ትዳስሰዋለች። ከዚያ አጠገቧ ያለው ጣሳ ውስጥ ትጥለዋለች፤ ጣሳው ቀጭ ይላል።

«እምዬ፣ በየትኛዋ ኪዳነ ምሕረት ነው የተወለድሽው?»

ቀና ሳትል «በትልቋ ነዋ» አለች።

ትልቋ የካቲት 16 ናት። ይኸው ነው። 34 ዓመት ሙሉ አብሬያት ስኖር ቀኑ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የቀረው። ደስታም ሀፍረትም አንድ ላይ መጡብኝ።

«ሁዳዴ ገብቶ ነበር?»

«ገብቷል እንጂ። አገሩ ሁሉ ጾም ይዞ እናቴ ብቻዋን ገንፎ በቅቤ ስትበላ ታፍር ነበር አሉ። አራስ ናት፣ ምን ታድርግ። ሰው ሲመጣ ሳህኑን ከአልጋው ሥር ትከተው ነበር።»

«አባትሽስ?»

እዚህ ላይ እጇ ቆመ።

«አባቴ የለም። ክተት ተብሎ ሄዷል።»

የክተት አዋጁ የታወጀው ጣሊያን መረብን በተሻገረበት ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ። እርጉዝ ሚስቱን ትቶ ነጋሪት ሲሰማ የወጣው ሰውዬ የእምዬ አባት መሆኑን ግን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

የተወለደችው ከደብረ ሲና ከፍ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። እናቷ አራስ ቤት ተኝታ ሳለ አንድ ቀን ከታች በኩል ድምፅ ተሰማ። የማያቋርጥ ጉምጉምታ። እናቷ ከዚያ በፊት መኪና ሰምታ አታውቅም። ዝናብ የመጣ መስሏት «የተሰጣውን እህል አንሡ!» ብላ ጮኸች አሉ። ሰዎቹ እህሉን አነሡ። ዝናቡ ግን አልመጣም።

ከደሴ ተነሥቶ በጣርማ በርና በደብረ ብርሃን አድርጎ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 አዲስ አበባ የገባው የጣሊያኑ የጦር አዛዥ የባዶሊዮ ጦር ነበር። እኛ ቤት ይህ ታሪክ የሚታወሰው በተሰጣ እህል ነው።

«ከዚያ አባቴ መጣ» አለች እምዬ። «ክርስትናዬ ሦስት ቀን ሲቀረው። ሌሊት ነው። እናቴ ‹ማነው?› ብትል መልስ የለም። ‹ማነው?› ብትል አሁንም ዝም። ለካ አይሰማም። ማይጨው ላይ ቦምቡ ጆሮውን ወስዶት ነበር። ገብቶ እሳቱ ዳር ቁጭ አለና አቀፈኝ። እኔ እየጮህኩ ነው፤ እሱ አይሰማኝም። ‹ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አታለቅስም› አለ አሉ።»

ይህን ስትነግረኝ ትስቃለች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። ብዙ ጊዜ ስትስቅ አይቻታለሁ፤ በዚህ ነገር ስትስቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ቤቴ ገብቼ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ከየካቲት 16 ጀምሮ 80 ቀን ሲቆጠር ግንቦት 5 ወይም 6 ላይ ይውላል። የማይጨው ጦርነት መጋቢት 22 ነበር። ከማይጨው እስከ ደብረ ሲና፣ ከተሸነፈ ጦር ጋር፣ አውሮፕላን ከላይ እየደበደበ፣ በእግር። ግንቦት መግቢያ ላይ ቤቱ ቢደርስ ልክ ነው። ቀኖቹ አንድ በአንድ ተገጣጠሙ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ነገር ጨመርኩ።

«ዘመኑስ የማን ነበር፣ እምዬ?»

«የዮሐንስ። እናቴ ስትቆጣኝ ‹አንቺ የዮሐንስ› ትለኝ ነበር።»

ለማታውቁት፣ አራቱ ወንጌላውያን ዓመታቱን በተራ ነው የሚይዙት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመርና ለ4 ይካፈላል። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ። ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። 1928 ላይ 5500 ስትደምሩ 7428 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል ምንም አይተርፍም። 1924ም 1932ም ዮሐንስ ናቸው፤ ግን በ1924 ጣሊያን አልገባም፣ በ1932 ደግሞ ከማይጨው የሚመለስ አባት የለም። መታወቂያው ላይ ያለው 1934 ማርቆስ ነው።

እንዲያውም 1934ን ለመጣል ይህ ሁሉ ስሌት አያስፈልግም ነበር። እምዬ ንጉሡ የተመለሱ ጊዜ ታስታውሳለች። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ማለት ነው። አዲስ አበባ አልነበረችም። ወሬው መንደሩ ሲደርስ ሴቶቹ እልል እያሉ ከየቤቱ ሲወጡ፣ እሷ የሚነቃነቅ የፊት ጥርሷን በምላሷ እየገፋች በር ላይ ቆማ ነበር። ጥርሱ እልልታው ላይ ወለቀ። አፏ ደም ሲሆን እናቷ አይታ ደነገጠች። መታወቂያውን ብናምን፣ ያ ጥርስ የወለቀው እምዬ ገና ሳትወለድ ነው።

አጎቴ ግን መሐንዲስ ነው፤ ሦስተኛ ምስክር ይፈልጋል። እምዬን ይዤ የንስሐ አባቷ ዘንድ ሄድኩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ቄስ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። እርሳስና የደብተር ቅጠል አስመጡና የባሕረ ሐሳቡን፣ የጾምና የበዓላት ቀን ማውጫውን፣ ቁጥር ያወጡ ጀመር። መጀመሪያ የ1928ን። ነነዌ ጥር 25። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9። ፋሲካ ሚያዝያ 4። ስለዚህ የካቲት 16 የሁዳዴ ሁለተኛው ሰኞ ነበር። እናቷ ሳህኑን አልጋ ሥር የደበቀችው እውነት ነው።

ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ የ2018ን አወጡ። ነነዌ ጥር 25። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 9። ፋሲካ ሚያዝያ 4።

እርሳሳቸውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ወረቀቱን ተመለከቱ። ሁለቱ ዓመታት ከመስከረም 1 ጀምሮ ዕለት በዕለት አንድ ናቸው። መስከረም 1 ሐሙስ፣ የካቲት 16 ሰኞ። የሚለየው ወንጌላዊው ነው፤ ያኔ ዮሐንስ፣ በ2018 ማርቆስ። «እማማ» አሏት፣ «90 ዓመትዎ ሲሞላ የተወለዱበት ዓመት ራሱ ተመልሶ ይመጣል።»

እምዬ አማተበች። ከዚያ «ይኸው ነው እንግዲህ» አለች። ስትነሣ ግን ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ያዘችኝ። እስከ ታክሲው ድረስ አለቀቀችኝም።

በግሩፑ ላይ ጻፍኩት። የካቲት 16 ቀን 2018፣ እምዬ 90። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቁጥር ጋር አልተከራከረም። «የእምዬ አባት ማይጨው ዘምቷል እንዴ?» ብቻ ብሎ ጻፈ። እሱም አያውቅም ነበር። 65 ዓመት ሞልቶታል።

ከዚያ ድግሱ። የካቲት 16 ሰኞ ነው፤ ሰው ሥራ ይውላል። ሁዳዴ ነው፤ ዶሮ የለ፣ ቅቤ የለ፣ የተለመደው ኬክ የለ። ወደ ቅዳሜ እናድርገው ያለ አለ። ከፋሲካ በኋላ ይሁን፣ በሬ ጥለን ደህና አድርገን እንደግስላት ያለም አለ። ሁለቱም ክፉ ሐሳብ አልነበረም። እሷን የጠየቃት ግን የለም፤ እኔው ጠየቅኋት።

መጀመሪያ ነገሩን አልወደደችውም። «ልደት የጌታ ነው» አለች። «እኔ ማን ሆኜ ነው?» አልገፋኋትም። ትንሽ ቆይታ ግን «በኪዳነ ምሕረት ከሆነ ዝክር ነው። ዝክር ከሆነ እሺ» አለች። ወደ ቅዳሜ የማዞሩን ሐሳብ ስነግራት «ቀኑ ሰኞ ከሆነ ሰኞ ነው፤ ቀን ይጎተታል እንዴ?» ብላ ጨረሰችው።

ሰኞ ሆነ። ከአሥራ ምናምን የልጅ ልጅ አንድም ሰው ሥራ አልገባም።

ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወሰድናት። የዓመቱ ክብረ በዓል ስለሆነ ሰዉ ለጉድ ነው፤ ነጠላ በነጠላ ላይ። ወንበር ሊያመጡላት ሲሉ እንቢ ብላ በመቋሚያዋ ተደግፋ ቆመች። ቤት ስንመለስ ግቢው ውስጥ የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። የዕድሩ ሴቶች ከሌሊት ጀምሮ ነው የተነሡት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ስልጆው፣ የሱፍ ፍትፍቱ፣ አዚፋው በየድስቱና በየሳህኑ ተሰልፏል። ድፎ ዳቦውን ዘንድሮ እናቴ ናት የደፋችው። እምዬ ከኮባው ሥር በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «በስሏል» ስትል እናቴ እንደ ልጅ ደስ አላት። እህል አልቀመሰችም ነበርና ሁላችንም እስከ 9 ሰዓት ጠበቅን። 9 ሰዓት ሲሆን አጎቴ በስልኩ በቪዲዮ ገባ፤ እዚያ ገና ከማለዳው 1 ሰዓት ነው፤ ከጀርባው ያለው መስኮት ጨለም ብሏል።

የእህቴ ልጆች በካርቶን ላይ በቀለም «እንኳን ለ90ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ እምዬ» ብለው ጽፈው ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። እምዬ መነጽሯን አድርጋ ፊቱ ቆመች። ድምፅ አውጥታ ፊደል በፊደል አነበበችው። እንኳን። ለ። ዘጠናኛ። ማንም አላቋረጣትም።

ንባብ የተማረችው በ43 ዓመቷ ነው። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ ቀበሌ አዳራሽ ትሄድ ነበር፤ ያኔ የመጨረሻ ልጇ የ5 ዓመት ልጅ ነው፣ ጭኗ ላይ ይተኛል። የተሰጣት ምስክር ወረቀት አሁንም ከሠርግ ፎቶዋ ጎን ተሰቅሏል። ቤታችን ውስጥ ዲግሪ ያለው ሰው ሞልቷል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን የእሷ ብቻ ነው፤ ትክክልም ነው እላለሁ።

የአክስቴ ልጅ ዳቦው ላይ 90 ሻማ እንተክላለን ብሎ ገዝቶ መጥቶ ነበር። እምዬ ሻማዎቹን አየችና «እነዚህ ምን ይሆናሉ?» አለች። «ትለኩሻቸውና እፍ ብለሽ ታጠፊያቸዋለሽ» አላት። ፊቷ ተለወጠ። «መብራት አብርቶ እፍ ብሎ ማጥፋት? በእመቤቴ ቀን?» አለች። ሻማዎቹ ወደ ጓዳ ተመለሱ። እሷ ራሷ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ይዛው የመጣችውን አንድ ጧፍ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች። ዳቦው መሃል ተከሉላት፤ ትልቋ አክስቴ ለኮሰችው። «ሲያልቅ ያልቃል» አለች እምዬ።

«ንግግር! ንግግር!» ተባለ። አትናገርም ብዬ ነበር። ግን መቋሚያዋን ይዛ ብድግ አለች። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«ልጆቼን ላስተዋውቃችሁ» አለች።

ዓመት አልጠራችም። እንዲህ ነው ያለችው። «ይቺ የኢዮቤልዩዋ ናት»፤ ትልቋ አክስቴን ነው፤ የንጉሡ 25ኛ ዓመት ዘውድ በተከበረበት በ1948 ነው የተወለደችው። «ያ ስልኩ ውስጥ ያለው የታኅሣሥ ግርግር ልጅ ነው። ተኩስ እየሰማሁ ነው ያማጥኩት።» 1953 ነው። «ይቺ የአፍሪካ መሪዎች የመጡ ጊዜ።» እናቴ ናት፤ ግንቦት 1955። «ይሄ አብዮቱ የፈነዳ ዓመት።» 1966፣ ትንሹ አጎቴ። ሰዉ በእያንዳንዱ ያጨበጭባል። አራት ልጆች። አለቀ ብለን እልል ልንል ስንል እጇን አነሣች።

«ቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች። «ከኢዮቤልዩዋ ቀጥሎ አንድ ወንድ አለ። 8 ወር ኖረ። የኩፍኙ ዓመት ነው። ከይቺ ቀጥሎ ደግሞ አንዲት ሴት አለች። እሷ ክርስትና ሳትነሳ ሄደች።» ትንሽ ዝም አለች። «ስድስት ናቸው። ዛሬ እኔን ስትቆጥሩ እነሱንም ቁጠሩልኝ።»

እናቴን አየኋት። ስለ ወንዱ በልጅነቷ ሰምታለች። ስለ ሴቷ ግን ሰምታ አታውቅም። ከእሷ ቀጥላ የተወለደች እህት እንደነበረቻት በ62 ዓመቷ፣ መቶ ሰው መሃል ቆማ ሰማች። ትሪ ይዛ ነበር። ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ሄዳ የእናቷን እግር አቅፋ ቁጭ አለች። እምዬ በአንድ እጇ መቋሚያዋን እንደያዘች በሌላው ሻሿን ታስተካክልላት ጀመር፤ ልክ ትምህርት ቤት እንደሚላክ ልጅ። ስልኩ ውስጥ ያለው አጎቴ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ትልቋ አክስቴ «ስድስት!» ብላ እልልታውን ያስነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። እንደዚያ ያለ እልልታ ሰምቼ አላውቅም።

ለስንት ዓመት ብቻዋን ስትቆጥራቸው ኖራለች? የካቲት 16 በመጣ ቁጥር፣ ዳቦ በቆረሰች ቁጥር፣ ለጎረቤት ልጆች ባደለች ቁጥር። እኛ «እምዬ ደግ ናት፣ ልጅ ትወዳለች» እንላለን።

ቀጥሎ ምርቃት ሆነ። «እልፍ ዓመት ኑሪልን» ሲሏት «እናንተ ቅበሩኝ እንጂ እኔ እናንተን አልቅበር» አለች። ቃሉ የተለመደ ነው፤ ሁሌ እንሰማዋለን። ያን ቀን ግን ሁለት ልጅ የቀበረች እናት እንደምትለው ሆኖ ነው የገባን። የመጨረሻዋን የልጅ ልጅ ልጅ፣ የእህቴን ሕፃን፣ አስታቀፏት። ገና ሁለት ወሯ ነው። የልደት የምስክር ወረቀት አላት፤ ማኅተም ያለው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን ከነሐሴ 2008 ጀምሮ ስለሚሠራ ወላጆች ልጃቸውን በ90 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለባቸው፤ እህቴም ቶሎ ብላ አስመዝግባታለች። የዚህችን ልጅ ዓመት ማንም ምስር እየለቀመ አይፈልግላትም። ጥሩ ነው። እምዬ ሕፃኗን ጠጋ አድርጋ አሸተተቻት፤ ከዚያ «ይቺስ የምን ጊዜ ልጅ ትባላለች?» ብላ ጠየቀች። እህቴ መልስ አጣች።

ጧፉ በራሱ ጊዜ አለቀ። ዳቦው ላይ ትንሽ ሰም ቀረ። የሰም ጠብታ ያረፈበትን ቁራሽ እምዬ ለራሷ አስቀመጠችው።

ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዴ ሄድኩ። ሰፌዱ ጭኗ ላይ ነው። ጣሳው አጠገቧ አለ። መታወቂያዋን ስለማስተካከል አንሥቼባት «ማን ይጠይቀኛል ከእንግዲህ?» ብላ አለፈችው። ከዚያ እጇን ሳታቆም «አንቺስ የተወለድሽበትን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

«ግንቦት 24 ቀን 1983» አልኳት።

«እሱንማ ወረቀቱም ያውቀዋል» አለች። «በአራተኛ ቀንሽ ሌሊት ነፋስ ስልክ የጥይት መጋዘኑ ፈነዳ። ኢሕአዴግ ከገባ ሳምንት ቢሆነው ነው። ሰማዩ ቀላ። መስኮቱ ረገፈ። እናትሽ አራስ ናት፣ መነሣት አትችልም። ጦር ሲገባ እናቴን ያገኛት አራስ ቤት ነው፣ ልጄንም ያገኛት አራስ ቤት ነው አልኩ በልቤ። ጋቢዬን ጣልኩባችሁና እላያችሁ ላይ ተኛሁ። መስታወቱ ጀርባዬ ላይ ነው የወረደው።»

አንዲት ጠጠር አገኘች። ሁለቴ ዳሰሰቻት።

«አንቺ አልነቃሽም» አለች። «ጡት እንደያዝሽ ነበር።» ጠጠሯን ጣሳው ውስጥ ጣለቻት።